በማን ቤት ቍጥር? ስለ ዕውቀት ውድድርና ስለ ሃይማኖት ጥያቄ

ጠያቂ ከመላሽ ይልቅ ሥልጣን አለው። መላሹ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል እንጂ ጥያቄውን አይመርጥም፤ ምን ሊታወቅ እንደሚገባ፥ ነገሩ በምን ስም እንደሚጠራ፥ የትኛው መልስ እውነት እንደሚባል አስቀድሞ የወሰነው ጠያቂው ነው። በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት የኖረ ሰው ይህን ያውቃል፤ መምህሩ በወንበሩ ተቀምጦ የሚያነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከመልሱ ይልቅ ያስተምራልና። ዳሩ ግን በዚያ መምህሩና ደቀ መዝሙሩ በአንድ ሃይማኖትና በአንድ መጽሐፍ የተሳሰሩ ስለ ኾኑ፥ ጠያቂው «የምናገረው በእነ እገሌ ቍጥር ነው» እያለ መግለጥ አያስፈልገውም። ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያላቸው ወጣቶች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ለአንድ ጠያቂ በሚመልሱበት ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሃይማኖቱን ያልገለጠ ጥያቄ የዕውቀት ልብስ ለብሶ ይገባል፤ ያንን ሃይማኖት ያልያዘውም ልጅ በሕዝብ ፊት «አላወቅህም» ይባላል።

በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር ከተለመደ ብዙ ዘመን ነው። (በዚህ ጽሕፈት የሚነገሩት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ኋላ ለሚመጣው ነገር ይጠቅማል።) በአሜሪካ «ኮሌጅ ቦውል» የተባለው ውድድር በ1953 በራዲዮ ተጀመረ፤ በ1959 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ። እንግሊዞችም ከዚያው አብነት ወስደው በ1962 «ዩኒቨርሲቲ ቻሌንጅ» የሚባለውን አቆሙ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች «ኲዝ ቦውል» በሚል ስም የተስፋፋው ውድድር የራሱ ሕግ አለው። ኹለት ቡድኖች የደወል ቍልፍ በፊታቸው አድርገው ይቀመጣሉ። ጠያቂው ረዘም ያለ ጥያቄ ያነባል፤ ጥያቄውም ጥቂቶች ከሚያውቁት ምልክት ተነሥቶ ብዙዎች ወደሚያውቁት ይወርዳል። ያወቀ ሰው ንባቡ ሳይፈጸም ቍልፉን ተጭኖ ይመልሳል፤ መልሱ በጠያቂው እጅ ካለው ወረቀት ጋር ሲስማማ 10 ነጥብ ይያዝለታል። ለታሪክ፥ ለሥነ ጽሑፍ፥ ለተፈጥሮ ዕውቀት፥ ለኪነ ጥበብ ለእያንዳንዱ ድርሻ ተመድቧል፤ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በተለመደው አከፋፈልም ከ20 ጥያቄ አንዱ ያህል የሃይማኖት ነው።

ይህ ልማድ የሚነቀፍ አይደለም። ወጣቶች ስለ ኳስ ብቻ ሳይኾን ስለ መጻሕፍትና ስለ ጉባኤያት ሊሽቀዳደሙ መውደዳቸው ደግ ነገር ነው፤ የቅኔ ተማሪም ጓደኛውን በምሥጢር ሊበልጥ ሲጥር ያድራል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ወረቀቱን የጻፈው ማን ነው? በማን ቤትስ ቈጥሮ ጻፈው?

በ2022 በኖቬምበር ወር በአሜሪካ ቴሌቪዥን የኾነው ነገር ይህን በግልጥ ያሳያል። «ጀፓርዲ» በሚባለው የታወቀ የጥያቄ ውድድር፥ ያለፉት አሸናፊዎች እርስ በርሳቸው በሚገናኙበት ዙር፥ ለፍጻሜ የቀረበው ጥያቄ ከሐዲስ ኪዳን መልእክታት ኹሉ የብሉይ ኪዳን ጥቅስ የበዛበት የጳውሎስ መልእክት ለእነማን እንደ ተጻፈ የሚጠይቅ ነበር። አንዱ ተወዳዳሪ ለዕብራውያን ነው ሲል ልክ ተባለለት፤ ሌላው ለሮሜ ሰዎች ነው ሲል ስሕተት ተባለበት። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ የሚያውቁ ሰዎች ብዙ ተከራከሩ፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ካሉት የመጻሕፍት መርማሪዎች እጅግ የሚበዙት የዕብራውያንን መልእክት የጻፈው ጳውሎስ አይደለም ይላሉና። ጥርጣሬውም የትናንት አይደለም፤ በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው ኦሪጌንስ የመልእክቱን ጸሓፊ ማንነት ለእግዚአብሔር ዕውቀት እንደ ተወው አውሳብዮስ በታሪኩ መዝግቧል። ዕብራውያን ከጳውሎስ ከተነሣ ደግሞ፥ ከቀሩት መልእክታቱ በጥቅስ ብዛት የሚበልጠው የሮሜ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን የጳውሎስ መልእክታት 14 ናቸው፤ ዕብራውያንም ከእነዚሁ ይቈጠራል። በ1611 የታተመው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስም መልእክቱን በጳውሎስ ስም ይጠራዋል።

እንግዲህ አንድ የኢትዮጵያ ሊቅ በዚያ አዳራሽ ቢገኝ፥ የተፈረደው በቤተ ክርስቲያኑ ቍጥር ነውና ደስ ሊለው ይገባልን? አይገባም። ያ ወረቀት የአባቶችን ትውፊት መርምሮ አልፈረደም፤ የአንዱን ወገን ቍጥር የኹሉ አድርጎ ጻፈ እንጂ። ዛሬ ሳያስበው የረዳ ወረቀት ነገ ሳያስበው ይበድላል። መልሱ ለራስ የተስማማ ስለ ኾነ ጥያቄውን ትክክል የሚል ሰው እውነትን ሳይኾን ወገኑን ወድዷል። ለሮሜ ሰዎች ብሎ የመለሰው ሰው በተማረበት ቤት አልተሳሳተም፤ የተማረበት ቤት መኖሩን ያልጠቀሰው ጥያቄው ነው።

ከዚህም የሚከፋው የመጻሕፍት ቍጥር ነው። «መጽሐፍ ቅዱስ ስንት መጻሕፍት አሉት?» የሚለው ለሕፃን የሚቀርብ ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ፕሮቴስታንቶች 66 ይላሉ፤ ካቶሊኮች 73 ይላሉ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 ትላለች። አይሁድም የብሉይን መጻሕፍት 24 ብለው ይቈጥራሉ፤ ይህም ፕሮቴስታንቶች 39 የሚሉት ያው መጽሐፍ ነው፥ አከፋፈሉ ተለየ እንጂ። በዋሽንግተን የተወለደ የኢትዮጵያውያን ልጅ እሑድ በቤተ ክርስቲያን «ሰማንያ አሐዱ» ብሎ የተማረውን ሰኞ በትምህርት ቤቱ ውድድር ቢናገር፥ ወረቀቱም 66 ብቻ ቢል፥ ልጁ የሚያጣው 10 ነጥብ ብቻ አይደለም። ነጥቡስ በሚቀጥለው ጥያቄ ይመለሳል። በልቡ የሚቀረው ግን ከኹለት አንዱ ነው፤ ወይ አባቶቼ ሳያውቁ አስተማሩኝ ይላል፥ ወይም ይህ ዓለም ኹሉ አባቶቼን ይንቃል ይላል። ኹለቱም እውነት አይደለም፤ ኹለቱም ግን ከአንድ ባለ ሦስት ቃል ጕድለት ይወለዳሉ። ጠያቂው «በፕሮቴስታንቶች ቍጥር መሠረት» ብሎ ቢጨምር ልጁ ዐውቆ 66 ይል ነበር፤ ሃይማኖቱም አይነካም፥ ዕውቀቱም አይቀንስም።

የመጽሐፈ ሄኖክም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ይህ መጽሐፍ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ይዞ በ1773 ወደ አውሮፓ እስኪመለስ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን አያውቁትም ነበር። ከዚያ በኋላ በኩምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቍርጥራጮች ተገኙ። በውድድር ጥያቄዎች ግን ሄኖክና ኩፋሌ ብዙ ጊዜ የሚነሡት በሐሰት ስም ከተጻፉት መጻሕፍት ተራ ነው። አንድ መርማሪ በራሱ መጽሐፍ እንዲህ ቢል መብቱ ነው፤ ማስረጃውን ያመጣል፥ ሌላውም ይከራከረዋል። የውድድር ወረቀት ግን ክርክር አይቀበልም። ለክርክር ጊዜ የማይሰጥ ሰው፥ አከራካሪውን ነገር እንደ ተፈጸመ ነገር ሊናገር አይገባውም።

ስምም እንደ ቍጥር ነው። በ451 በኬልቄዶን ከተደረገው ጉባኤ የተለዩት የግብፅ፥ የሶርያ፥ የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በብዙ የምዕራብ መጻሕፍት «ሞኖፊዚት» ተብለው ይጠራሉ፤ ከዚያም ስሙ ወደ ውድድር ወረቀት ወረደ። ይህ ስም የሚገባው መለኮት ትስብእትን ዋጠው፥ አጠፋው ለሚል ሰው ነው፤ ይህም የአውጣኪ ትምህርት ነው፤ አውጣኪን ግን የተዋሕዶ ልጆችም አውግዘውታል። ቅዱስ ቄርሎስን ተከትለው የሚያምኑት ያለ መቀላቀል፥ ያለ መለወጥ የኾነውን ተዋሕዶ ነው። የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን «የኮፕት ቤተ ክርስቲያን» የሚላት ጥያቄም አለ፤ እርስዋ ግን በ1951 የራስዋን ተወላጅ ሊቀ ጳጳስ አገኘች፥ በ1959ም አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ኾኑ። ሰውን በማይጠራበት ስም ጠርቶ «ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ፥ መልሱ ቢገኝ እንኳ በደል ነው። ነገር ግን ይህ ሚዛን ወደ ኹሉም ይመዝናል። ኬልቄዶናውያንን ከንስጥሮስ ጋር አንድ አድርጎ የሚጠራ ጥያቄ በአዲስ አበባ ቢጻፍ ያው በደል ነው፤ እነርሱም ንስጥሮስን አውግዘዋልና።

የወረቀቱ ክፍልፋይ ደግሞ ከጥያቄው በፊት ይፈርዳል። በኲዝ ቦውል ከሃይማኖት ሌላ «ሚቶሎጂ» የሚባል ክፍል አለ፤ የጥንት አማልክት ተረት ማለት ነው። በዚህ ክፍል የግሪኮች ዜውስና የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ኦዲን ይጠየቃሉ፤ ዛሬ መሥዋዕት የሚያቀርብላቸው ሕዝብ እንደ ድሮው የለምና ነገሩ አያስገርምም። ነገር ግን ቪሽኑና ሺቫም ብዙ ጊዜ እዚያው ይጠየቃሉ፤ እነርሱን ግን ከአንድ ቢልዮን የሚበዛ ሕዝብ ዛሬም ያመልካል፥ በየማለዳው በቤቱ መብራት ያበራላቸዋል። የክርስቲያን መጻሕፍት በሃይማኖት ወይም በሥነ ጽሑፍ ክፍል ይገኛሉ እንጂ በተረት ክፍል አይገኙም። ክርስቲያን የሂንዱን አምልኮ እውነት ነው ሊል አይችልም፤ እንዲህም እንዲል የሚጠይቀው የለም። በጎረቤት ላይ በሐሰት እንዳይመሰክር ግን ታዟል። የአንዱን ሕያው አምልኮ ከሞተው ጋር በአንድ መሳቢያ ከትቶ፥ የራስን በሌላ መሳቢያ ማስቀመጥ፥ ቃል ሳይናገሩ መመስከር ነው። በክፍሉ ስም ሥር የተቀመጠው የሂንዱ ተማሪ ሲሰማው የሚገባው ነገር በወረቀቱ ላይ ፈጽሞ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ተነግሯል።

ለዚህ ኹሉ የሚሰጥ መልስ አለ፤ ሊሰማም ይገባዋል። ውድድር ጉባኤ አይደለም፤ ጊዜው አጭር ነው፤ ጥያቄዎቹን የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ራሳቸው የተወዳደሩ ወጣቶች ናቸው፤ የኹሉን ሃይማኖት ስሜት እየጠበቁ መጠየቅም አይቻልም ይላሉ። ከዚህ ውስጥ እውነት የኾነው አለ። በ451 የተደረገው ጉባኤ በ451 ተደረገ፤ ይህን የጠላውም የወደደውም አይለውጠውም። ስለዚህ የማንንም ስሜት መጠበቅ አልተፈለገም፤ የተፈለገው እውነት እንዳይጐድል ነው። ለየሃይማኖቱ በምእመናን ብዛት ድርሻ ይታደል የሚሉትም ፍትሕን በእህል ሚዛን ሊሰፍሩ ያስባሉ። ሳምራውያን ከአንድ ሺህ ያነሱ ናቸው፤ ኦሪታቸው ግን መጽሐፍ ለሚያውቅ ሰው ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ነው። መቶ ጊዜ ተነሥቶ መቶ ጊዜ በተሳሳተ ስም ከመጠራት፥ አንድ ጊዜ በእውነተኛው ስም መነሣት ይሻላል። ኢትዮጵያ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ስትነሣ ብዙ ጊዜ የምትነሣው በላሊበላ ዋሻዎችና በአክሱም ጽላት ነው፤ ሊያውም እንደሚያስደንቅ ነገር ብቻ። ምን እንደምታምን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ስለ አጭር ጊዜ የሚቀርበው ምክንያት ግን አይጸናም። በ2020 በጃንዋሪ ወር በዚያው በ«ጀፓርዲ» ስለ ልደት ቤተ ክርስቲያን፥ ይኸውም በቤተ ልሔም ስላለችው፥ አገርዋን የሚጠይቅ ጥያቄ ተላለፈ። «ፍልስጥኤም» ያለው ስሕተት ተባለ፤ «እስራኤል» ያለው ልክ ተባለ። ቤተ ልሔም በምዕራባዊው የዮርዳኖስ ዳርቻ የፍልስጥኤም አስተዳደር የሚያስተዳድራት ከተማ ናት። ከብዙ ጩኸት በኋላ አዘጋጆቹ ጥያቄው ጕድለት እንዳለበት በቀረጻው ጊዜ አስተውለው በሌላ እንደ ለወጡት፥ ነገር ግን በስሕተት ያልታረመው እንደ ተላለፈ ገለጡ። እንግዲህ ጕድለቱን ለማየት ጊዜ አላጡም። ስለ ዴር ሡልጣን ገዳም ከግብፅ መነኮሳት ጋር ስላለው ክርክር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፥ አንድ ሰው ተነሥቶ «ገዳሙ የማን ነው? በአንድ ቃል መልስ» ቢለው ምን እንደሚሰማው ራሱን ይጠይቅ፤ የቤተ ልሔሙን ሰው ኀዘን ከዚያ ያገኘዋል።

ከዚህ በተቃራኒው የኾነም አለ። በ2023 በጁን ወር ሦስት ተወዳዳሪዎች በአቡነ ዘበሰማያት ጸሎት ውስጥ ስለ ስሙ መቀደስ የሚናገረውን ቃል ተጠይቀው ሦስቱም ዝም አሉ። ብዙ ሰዎች በዚህ አዝነው፥ አንዳንዶችም በተወዳዳሪዎቹ ላይ ተሳለቁ። መሳለቁ ዋጋ የለውም። ጸሎቱን የማያውቅ ሰው ኃጢአተኛ አይባልም፤ ጸሎቱን በደወል ፍጥነት የሚናገርም ጻድቅ አይባልም። ኹሉንም ጉባኤያት ከነዓመታቸው ዐውቆ ዐርብ የማይጾም ተማሪ ይገኛል። የዕውቀት ውድድር የሚመዝነው ዕውቀትን ብቻ እንደ ኾነ ዐውቆ በዚያ ልክ መቀመጡ ለሃይማኖትም ለውድድሩም ይበጃል።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት የትርጓሜ ሥርዓት ለዚህ ነገር የሚበጅ መንገድ ካሠራ ቈይቷል። የአንድምታ መምህር ንባቡን ካነበበ በኋላ አንድ ምሥጢር ይናገራል፤ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል፤ ሦስተኛም ካለ አያስቀረውም። የላይ ቤትና የታች ቤት መምህራን በተለያዩበት ቦታም የማን ቃል እንደ ኾነ ለይቶ ይናገራል። ይህን የሚሰማ የውጭ ሰው፥ መምህሩ እውነቱን አያውቀውም፥ ስለዚህ ይወላውላል ይል ይኾናል። እንዲህ አይደለም። መምህሩ የሚያምነውን ያውቃል፤ ሲጠየቅም ይናገራል። ነገር ግን የሌላውን ቃል በሌላው ስም ማስረከብ ግዴታው እንደ ኾነ ተምሯል። ተማሪውም ኹለቱን ካልያዘ ትርጓሜ ዐወቀ አይባልም። ለውድድር ጸሓፊ የሚያስፈልገው ከዚህ ጥቂቱ ነው፤ ቤቱን መጥራት፥ ወይም በመልሱ ወረቀት ላይ «አንድም» ብሎ ኹለተኛውን መልስ መጻፍ። ኹለቱንም ማድረግ ካልተቻለ ያን ጥያቄ ትቶ ሌላ መጠየቅ ይቻላል፤ የሚጠየቅ ነገር አልጠፋምና።

ነቀፋው ወደ ባሕር ማዶ ብቻ ተወርውሮ እንዳይቀር፥ የአገር ቤቱም ይታይ። በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከመቶው 43.5 ኦርቶዶክሳውያን፥ 33.9 እስላሞች፥ ከ18 የሚበልጡትም ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። በሰንበት ትምህርት ቤት የሚደረግ ውድድር የቤቱን ቍጥር መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ደጁ ላይ ስሙ ተጽፏልና። ነገር ግን ለኹሉም ተማሪዎች በሚደረግ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር «ጾም የሚፈታው መቼ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ጸሓፊው አንድ ጾም ብቻ እንዳለ ቈጥሯል። «ዐቢይ ጾም» ቢል፥ ወይም «ረመዳን» ቢል፥ እስላሙም ክርስቲያኑም የጎረቤቱን በዓል ዐውቆ ሊመልስ ይችል ነበር፤ እንዲያውም የእንዲህ ያለው ውድድር ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ከኹሉ የሚከብደው ግን በአክሱም ያለው ነው። በ615 ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሲደርስባቸው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ አክሱም መጡ፤ ንጉሡም ተቀበላቸው፥ አሳልፎም አልሰጣቸውም። ይህን ኹሉም ወገን ይመሰክራል። ንጉሡን የእስልምና መጻሕፍት አስሐማ ይሉታል፤ የኢትዮጵያ ታሪክ ጸሓፊዎች ብዙ ጊዜ አርማሕ ይሉታል። እስላሞች ንጉሡ ወደ እስልምና ገባ ይላሉ፥ በትግራይ በነጋሽ ያለውንም ቦታ ስለ እርሱ ያከብራሉ፤ ክርስቲያኖች በሃይማኖቱ ጸንቶ ዐረፈ ይላሉ። «በምን ሃይማኖት ሞተ?» ብሎ በአንድ ቃል መልስ የሚጠብቅ ጠያቂ ዕውቀት አልጠየቀም፥ ሰው ከየትኛው ወገን እንደ ኾነ ጠየቀ። «ስደተኞቹን የተቀበለው ንጉሥ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን በአገሪቱ ታሪክ ከሚያኮሩት ነገሮች አንዱን ጠየቀ። የደወሉን ቍልፍ አንዱ ልጅ ተጭኖ «አስሐማ» ቢል፥ በሌላ ቀን በሌላ ከተማ ደግሞ ሌላው ልጅ «አርማሕ» ቢል፥ ዳኛው ዐይኑን ወደ ወረቀቱ ሲያወርድ ኹለቱንም ስም ተጽፎ ሊያገኝ ይገባል።